ጭቃው ያስቀረው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ኡጁሉ የአባታችንን ጭቃ ቤት አፍርሶ በብሎኬት ሊሠራ መሆኑን ነገረኝ። ዛሬ ጋምቤላ፣ ከቤቱ ደጃፍ በባጃጅ ደረስኩ። «አሪየት፣ የምትወስጂው ነገር አለ?» አለኝ። ግድግዳውን እፈልጋለሁ ይባላል እንዴ?

ከዚህ ቤት የወጣሁ ጊዜ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር። ደጋ ሄጄ መምህርነት እንድማር ተመርጬ ነበር። ዓሣ አጥማጁ አባቴ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነበር። አንድ ምሽት ጥብስ በቆሎ እየፈለፈልን ሳለ ነገርኩት። በቆሎውን አስቀምጦ ምንም ሳይመልስልኝ ወጣ።

«ይከለክለኛል፣ አይደል?» አልኳት እናቴን።

«ተኚ። ሲነጋ ይናገራል።»

እኔ ደግሞ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

አባቴ ሁልጊዜ ጎህ ሲቀድ ባሮ ወንዝ ዳር ወርዶ ብቻውን ይጸልይ ነበር። ስለዚህ ድምፁን አውጥቶ ሲጸልይ ሰምቼው አላውቅም። በዚያ ክረምት ግን ወንዙ ሞልቶ ዳርቻውን ውጦት ነበር፤ መውረጃ አልነበረውም። ይህን ልብ አላልኩም። ሊነጋ ሲል ከግድግዳው ወዲያ ወፍራም፣ የማያቋርጥ ጉርምርምታ ሰማሁ። አንዳንዴም መሬቱን በእጁ ይመታል። የእናቴ ድምፅ የለም። በቃ፣ በእኔ እየተቆጣ ነው አልኩ። ቦርሳዬን ይዤ በጓሮ ወጣሁና በመጀመሪያው አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ወደ ደጋው የሚያወጣውን የቡሬን ዳገት ስንይዝ ብርዱ መጣ፤ እኔን ግን ንዴቴ አሙቆኝ ነበር።

ዓመቱን ሙሉ አንድ ደብዳቤ እንኳ አልጻፍኩለትም። በግንቦት ሞተ። ስደርስ ተቀብሯል።

«ያን ቀን ስምሽን እየጠራ ሲጸልይልሽ ነጋ» አለችኝ እናቴ። «ከዚያ ለመንገድሽ የደረቀ ዓሣ ጠቅልሎ መናኸሪያ ሄደ። መኪናው ወጥቷል አሉት። ይዞት ተመለሰ።»

«ዓሣውን ማን በላው?» አልኳት። ከዚያ ሁሉ ነገር ይህን ለምን እንደጠየቅኩ ዛሬም አላውቅም።

«ማንም አልበላው።»

ፊዚክስ አስተማሪ ሆንኩ። የድምፅ ሞገድ ትምህርት በደረሰ ቁጥር ያን ግድግዳ አስባለሁ። የሰው ድምፅ ወፍራምና ቀጭን ሞገዶች አሉበት፤ በአየር ላይ አብረው ይጓዛሉ። ከሣር ጋር የተቦካ ጭቃ ሲገጥማቸው ግን ቀጭኖቹ እዚያው ይቀራሉ፤ የሚያልፈው ወፍራሙ ነው። ቃልን ቃል የሚያሰኙት ደግሞ ቀጭኖቹ ናቸው። ምርቃትና ቁጣ የሚለዩት በእነሱ ነው። እኔ ዘንድ የደረሰው ትራፊው ብቻ ነበር፤ በዚያ ትራፊ ፈረድኩበት።

አንድ ጊዜ አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ የቀረው ድምፅ የት ይሄዳል?»

«ሙቀት ይሆናል» አልኳት። እውነቱም ይኸው ነው፤ እጅግ ጥቂት ሙቀት፣ ወዲያው የሚጠፋ።

ኡጁሉ ዶማውን ሲያነሳ «ቆይ» አልኩትና መዳፌን ግድግዳው ላይ አሳረፍኩ። ይሞቃል። የጋምቤላ ፀሐይ ነው፤ ይህን እኔ አላጣውም። ቢሆንም እጄን ቶሎ ማንሳት አልቻልኩም። ወንድሜ ዶማውን ይዞ ጠበቀኝ።