አርባኛዋ ተማሪ

ጽሑፍ ብዙም አልችልም። ፊደል ከያዝኩ ገና ሁለት ዓመቴ ነው። ዳይሬክተሯ ግን፣ «እትዬ፣ ሃያ ዓመት የጠረጉትን ቤት እርስዎ ካልጻፉለት ማን ሊጽፍለት ነው?» ብላ ወረቀት ሰጠችኝ። ስህተት ካለው ይታረምልኝ።

የትምህርት ቤታችን ታሪክ «በአርባ ተማሪ ተከፈተ» ይላል። አርባ አልነበሩም። እኔም ይህን ያወቅኩት በሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያወቅኩ ዕለት ክው ብዬ ቀረሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጆቹ ከወጡ በኋላ የጎልማሶች ትምህርት ሊጀመር ነው ተባለ። ሦስት ቀን እስከ ቢሮው በር እየሄድኩ ተመለስኩ። በአራተኛው መጥረጊያዬን ውጭ አቁሜ ገባሁ።

«አንደኛ ክፍል... ልመዝገብ ብዬ ነበር» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝ።

«እሰይ!» አለች ዳይሬክተሯ። «ደንብ ስለሆነ ብቻ የድሮውን መዝገብ አንዴ ልየው።» ገለጠች፣ ገለጠች፣ ጣቷ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። «እትዬ፣ እርስዎ እኮ እዚሁ አራተኛ ክፍል ጨርሰዋል።»

«ማ? እኔ?»

«ይኸው ስምዎ። አርባኛ ቁጥር ላይ።»

«ሞክሼ ይሆናላ።»

«አባትም አያትም የሚጋራ ሞክሼ አለዎት?»

መዝገቡን አዞረችልኝ። ለእኔ ጉንዳን የሄደበት ነው የመሰለኝ። በጣቷ እየነካች አሳየችኝ፤ ከስሜ ጎን እስከ ገጹ ዳር ምልክት ተደርድሯል። የመጣሁበት ቀን ነው አሉ። አራት ዓመት ሙሉ! እኔ ባልዲ ተሸክሜ በዚያ በር የማልፍበት፣ የልጆቹን ድምፅ ከውጭ የምሰማበት አራት ዓመት! ይቀመጡ ሳልባል ተቀመጥኩ።

«አራተኛ የጨረሰ ሰው አንደኛ ልመዘግብ አልችልም» አለች፣ እሷም ግራ ገብቷት። «መዝገቡ ሐሰት ነው ብሎ የሚፈርም፣ ያኔ የነበረ ሰው ካለ ግን...»

አለ። አባቴ።

ስወጣ ዘበኛው በር ላይ ሁሉንም ሰምቶ ኖሯል። «ይሄን ያህል ተምረሽ ነው ከእኔ ጋር ስትነታረኪ የኖርሽው? በይ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ልበልሽ!» አለኝ። መጥረጊያዬን አንስቼ ወደ አባቴ ሄድኩ።

አባቴ አናጢ ነበር። አሁን ሰማንያ አልፎታል። ትምህርት ቤቱን ካቆሙት ሰዎች የቀረው እሱ ብቻ ስለሆነ ሰው «መሥራቹ» እያለ ከመቀመጫው ይነሳለታል።

«አባዬ፣ እኔ ተምሬአለሁ እንዴ?» አልኩት።

«ማን ነገረሽ?» አለኝ።

አልተማርሽም አላለኝም እኮ! ማን ነገረሽ ነው ያለኝ።

«ግድግዳውን ለስነን፣ ቆርቆሮውን መትተን ጨረስን» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ። «አርባ ልጅ ካልሞላ አስተማሪ አንልክም አሉን። መንደር ለመንደር ብንዞር ሠላሳ ዘጠኝ። እናትሽ አራስ ናት፣ ውሃ የምትቀጂው አንቺ ነሽ። ስምሽን ብቻ ሰጠሁ። አስተማሪው ቁጥሩ እንዳይጎድል ብሎ በየቀኑ ምልክቱን ያደርግልሽ ነበር። ልጆቹን የሚቆጥረው የመንግሥት ሰው የመጣ ዕለት ትዝ አይልሽም?»

እንዴት አይለኝ! ፊቴን ታጥቤ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ፣ መቀመጫው ስለሞላ ዳር ቆሜ ተቆጥሬያለሁ። ትምህርት ጀመርኩ ብዬ ነበር። በማግስቱ እየሮጥኩ ስሄድ አባቴ ከመንገድ መልሶ ባልዲ አስያዘኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

«እሺ፣ ወንድሜ ካደገ በኋላስ?»

«መቀመጫ አልነበረም።»

«አግዳሚውን የሠራኸው አንተ!»

«አሥራ ሦስት ነው የሠራሁት። ባንዱ ላይ ሦስት ልጅ።»

ስሌት አልተማርኩም። በጣቴ እየቆጠርኩ ቆይቼ ደረስኩበት፤ ሠላሳ ዘጠኝ። ገና ጣውላውን ሲቆርጥ ነው ያስቀረኝ!

«እንግዲያው ሄደህ መስክርልኝ» አልኩት በመጨረሻ።

«በሰው ፊት? መሥራቹ ዋሾ ነው እንዲሉኝ?»

«እኔስ እንዲሁ ልሙት?»

ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ሁለት ቀን ምግቡን አስቀምጬለት ወጣሁ። በሦስተኛው ጠዋት ምግቡን ይዤ ብገባ አልጋው ባዶ ነው። ጎረቤት ጠየቅኩ፣ ምርኩዙን ይዞ ወደ ትምህርት ቤቱ ሲሄድ አየነው አሉ። እየሮጥኩ ደረስኩ። ዳይሬክተሯ ፊት ተቀምጧል። ምስክርነቱ ተጽፎ አልቋል፣ የጣት ቀለሙ ተከፍቷል።

አውራ ጣቱን ዘረጋ፤ መልሶ ሰበሰበው። ሐሳቡን ለወጠ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ ከኮቱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት እያወጣ ነው።

«የመጨረሻው ዓመት ካርዷ ነው» አለ። «አስተማሪው አንብቦልኛል። ከአርባ ልጅ አሥራ ሁለተኛ ወጥታለች። ይሄም አብሮ ይሰረዛል?»

ዳይሬክተሯ እኔን አየችኝ፣ እኔ አባቴን። ማንበብ አይችልም። የሌለ ውጤት ነው፣ አስተማሪው ከልቡ ፈጥሮ የጻፈው! እሱ ደግሞ የሌለ መሆኑን ከማንም በላይ ያውቃል። ይህን ሁሉ ዓመት ግን ዝናብ ሳያስነካው፣ ለእኔ እንኳ ሳያሳየኝ አስቀምጦታል።

«ይሰረዛል፣ አባባ» አለችው ቀስ ብላ።

ራሱን ነቀነቀ። ጣቱን ቀለሙ ላይ ጫነ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ። ካርዱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ምርኩዙን እየፈለገ ወጣ። ዳይሬክተሯ ስሜን አንደኛ ክፍል ላይ እየጻፈች «የትውልድ ዘመን?» ስትለኝ፣ እኔ አባቴ የወጣበትን በር ነበር የማየው።