እማዬን እንግሊዝኛ ያስተማርኩበት ክረምት

ጠዋት ጠዋት የየካን ዳገት ወርጄ ወደ ታክሲ ስሄድ፣ ከትምህርት ቤቱ አጥር ውስጥ ሕፃናቱ ብድግ ብለው «ጉድ ሞርኒንግ ቲቸር» የሚሉበት ያ የተጎተተ ዜማ ይሰማኛል፤ ያኔ እማዬ ፊቴ ላይ ድቅን ትላለች።

አባዬ ካረፈ በኋላ እማዬ የሰው ልብስ እያጠበች ነበር የምታሳድገኝ፤ እጇ በሳሙና ተላልጦ አልቆ ነበር። የአሥር ዓመት ልጅ ሳለሁ እንጦጦ መውጫ ላይ ያለ አንድ የእንግዳ ማረፊያ፣ እንግሊዝኛ ከለመደች ለመስከረም በአስተናጋጅነት እንደሚሞክራት ነገራት። እሷ ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጠች ስለነበረች አስተማሪዋ እኔ ሆንኩ። ክረምቱን ሙሉ፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ፣ ማማሰያ ይዤ ፊቷ እየቆምኩ አስደግማት ነበር። የማውቀው የመምህራችንን ድምፅ ብቻ ነበርና «ሲት ዳውን» ስል እጮህባታለሁ፤ እሷም ሳትሰለች እንደኔው እየጮኸች ትደግመው ነበር። ጎበዝ ተማሪ ስለነበረች ደረቴን ነፋሁ።

መስከረም ጠብቶ ሥራ ስትገባ፣ ትምህርት ገና ስላልተከፈተ እኔንም ይዛኝ ሄደች። አንዲት ፀጉራቸው የሸበተ ፈረንጅ ለቁርስ ብቅ ሲሉ፣ እማዬ ቀጥ ብላ ቆማ ዜማውን እየጎተተች «ጉድ ሞርኒንግ» አለችና፣ ወንበሩን እያሳየች «ሲት ዳውን» ብላ አምባረቀችባቸው። ሴትዮዋ ደንግጠው ቁጭ አሉ፤ ቁርሱ እስኪያልቅም ቦርሳቸውን ከጭናቸው አላወረዱም። ኃላፊው እማዬን ጠርቶ «እንግዳ ነው እስረኛ የምታስተናግጂው? ነገም እንዲህ ከሆነ አንስማማም» አላት። ጥፋቱ የኔ ነበርና ጓሮ ሄጄ አለቀስኩ።

ወደ ቤት ስንመለስ ግን አልተቆጣችኝም። ጥቂት አሰብ አድርጋ «ቃሉማ ልክ ነው፣ አይደል?» አለችኝ።

«ልክ ነው።»

«እንግዲያው የጎደለው አክብሮቱ ነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ተነስተን ‹ኖር› የምንለው እየጮህን ነው እንዴ?»

በማግሥቱ ሴትዮዋ ሲመጡ፣ ጎንበስ ብላ ወንበሩን ሳብ አደረገችላቸውና ያንኑ «ሲት ዳውን» «ኖር» በምትልበት ድምፅ አለችው። ሴትዮዋ ፈገግ ብለው ተቀመጡ፤ ቦርሳቸውንም ከአጠገባቸው አኖሩ። እማዬ እዚያ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርታ አስተማረችኝ።

ዛሬ ሥራዬ በስልክ ደንበኛ ማስተናገድ ነው፤ ፊታቸውን አይቼ ለማላውቃቸው ሰዎች ድምፄን አለስልሼ በእንግሊዝኛ ስናገር እውላለሁ። ባለፈው ሳምንት እማዬ በሥራ ሰዓት ደውላ ምሳ በልቼ እንደሆነ ስትጠይቀኝ፣ ዓይኔን ከኮምፒውተሩ ሳልነቅል፣ ጮክ ብዬ «ኦኬ፣ ኦኬ እማዬ» አልኳት። «በይ ሥራሽን ሥሪ» ብላ ስልኩን ዘጋችው። ክው አልኩ። ያኔ የተሳሳተ ድምፄን በአንድ ቀን ያረመችው እሷ ነበረች፤ እኔ ግን ይኸው እስከዛሬ ድረስ እጮህባታለሁ። ወደ ኮሪደሩ ወጥቼ መልሼ ደወልኩላትና፣ ቀስ ብዬ «በልቻለሁ እማዬ፤ አንቺስ ምን በላሽ?» አልኳት።