የፋላኒ ቤት ድርሻ

ቲኒየሉ ዓሣ ማካፈል ከጀመሩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። በዚህ ሁሉ ዘመን "አነሰኝ" ብሎ የተጣላቸው ሰው የለም። በእኛ ደሴት ሰው የሚጣላበት ሌላ ነገር ብዙም ስለሌለ፣ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጀልባዎቹ ደሴቲቱን ከከበበው አለት ማዶ ቱናውን ጭነው ሲመለሱ ዓሣው በሙሉ አሸዋው ላይ ይዘረገፋል። ያጠመደው ሰው "የእኔ" አይልም። ቲኒየሉ ክምሩን ሁለት ጊዜ ይዞሩታል፤ ትልቁን ከትንሹ እያጣመሩ በየቤቱ ነፍስ ልክ መደብ መደብ ያደርጉታል፤ ከዚያ ቆመው የየቤቱን ስም ይጠራሉ። አልጋ ላይ የዋለውም፣ ባሏ የሞተባትም፣ ትናንት የተወለደውም ድርሻ አለው። ወረቀት አይዙም፤ ደሴቲቱ በሙሉ ጭንቅላታቸው ውስጥ ናት። ልጅ ሲወለድ ከቄሱ ቀድመው የሚሰሙት እሳቸው ናቸው፤ አባትየው መጥቶ "አንድ ነፍስ ይጨምሩልኝ" ማለት አለበትና።

ቀልደኞቹ "ቲኒየሉ ገነት የገቡ ቀን ደመናውንም ያካፍሉታል" ይላሉ። እሳቸው አይስቁም። ለራሳቸው ቤት፣ ማለትም ለእሳቸውና ለሚስታቸው ለአኬኔሄ፣ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የተረፈውን ያነሳሉ። ኩራታቸው ይኸው ነው፤ አንዳንዴ ይበዛባቸዋል።

አንድ ነገር ብቻ ነበር። ልጃቸው ፋላኒ ሚስቱንና ሁለት ልጆቹን ይዞ ወደ ኒውዚላንድ የሄደው የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ነው። "የጀልባ ሞተር መግዣ ይዤ በዓመቴ እመለሳለሁ" ብሎ ነበር። መርከቡ ላይ ሲወጣ እንዲህ የማይል የለም። እዚህ ትምህርቱን የጨረሰ ወጣት የሚጠብቀው ዓሣ፣ ኮኮናትና በየሁለት ሳምንቱ የምትመጣ መርከብ ነው፤ እዚያ ደሞዝ አለ። ዛሬ እዚህ ካለነው ይልቅ እዚያ ያሉት ይበዛሉ። ቲኒየሉ ግን በእያንዳንዱ ማካፈል "የፋላኒ ቤት፣ አራት ነፍስ" እያሉ ይጠሩ ነበር። ዓሣውን አኬኔሄ ወስደው ያደርቁትና ለጎረቤት ይሰጡታል። የሌሎቹም የተዘጉ ቤቶች ስም አብሮ ስለሚጠራ ማንም ነገሬ አላለውም።

አኬኔሄ በየዓመቱ "ሄደን የልጅ ልጆቻችንን እንያቸው" ይላሉ። የቲኒየሉ መልስ አንድ ነው፤ "ራሳቸው ሊመጡ፣ እኛን ምን አስሮጠን?"

ዘንድሮ ነዳጅ ተወደደ፤ ጀልባዎቹም ብዙውን ቀን ግማሽ ሳይሞሉ ይመለሱ ጀመር። የሽማግሌዎቹ ጉባኤ ተቀምጦ ወሰነ፤ ደሴቲቱ ላይ የማያድር ሰው ድርሻ የለውም። የጉባኤው አለቃ ፓውሎ ውሳኔውን ለቲኒየሉ ሲነግሯቸው "ማን ማን እንደሚወጣ አንተ ታውቀዋለህ" ብቻ አሉ።

የተዘጉት ቤቶች አሥራ አንድ ናቸው። በማግስቱ ቅዳሜ ቲኒየሉ አሥሩን ዘለሉ። አሥራ አንደኛው ላይ ሲደርሱ ድምፃቸውን ትንሽ ዝቅ አድርገው "የፋላኒ ቤት፣ አራት ነፍስ" አሉ።

ሉሲያ የምትባል ሴት የዘንባባ ዘንቢሏን መሬት አስቀመጠች። ወንድሟ ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው፤ ከተዘለሉት ቤቶች አንዱ የእሱ ነበር።

"አጎቴ ቲኒየሉ፣ ፋላኒ መጣ እንዴ? እኛ ሳናየው?"

"አልመጣም።"

"ታዲያ የት ነው የሚያድረው?"

ሰው ሁሉ አቀርቅሮ ዓሣ ዓሣውን ማየት ያዘ።

"ይመጣል" አሉ ቲኒየሉ።

"ወንድሜም ይመጣል። በየገናው ይመጣል፣ በስልክ።" አንድ ሁለት ሰው ሳቀ፤ ሉሲያ አልሳቀችም። "ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ አሉ። ቅድም የወንድሜን ስም ሲዘሉት ሕግ ነው ብዬ ዋጥ አደረግኳት። ሕግ ከሆነ ግን ለሁላችንም ይሁን።"

"አንቺ ልጅ፣ ተይ እንጂ" አሉ ፓውሎ። "ሠላሳ ዓመት ያካፈለን ሰው ነው። አራት ዓሣ ምን አላት?"

"የዓሣ ነገር አይደለም አባቴ። ዓሣ ከሆነ የእኔንም ይውሰዱት።"

ቲኒየሉ መደቦቹ መሃል ቆመው ቀሩ። ፓውሎ መውጫ ከፍተውላቸዋል፤ ዝም ቢሉ ነገሩ በዚያው ያልፍ ነበር። ካለፈ ግን ከሚቀጥለው ቅዳሜ ጀምሮ እያንዳንዱ ሰው መደቡን ከጎረቤቱ መደብ ጋር በዓይኑ መለካት እንደሚጀምር ያውቁታል። ልጃቸው እንደማይመለስም አጥተውት አይደለም። ያወቁት ገና በሦስተኛው ዓመት፣ ፋላኒ በስልክ የሞተሩን ወሬ የተወ ጊዜ ነው። ማወቅና በሰው ፊት ከአፍ ማውጣት ግን ለየቅል ናቸው።

"ሉሲያ ልክ ናት" አሉ በመጨረሻ። "የፋላኒ ቤት ወጥቷል።"

አራቱን ዓሣ ብቻ አንስተው ማደል ይችሉ ነበር። እሳቸው ግን መደቡን ሁሉ አፍርሰው ከመጀመሪያው ማካፈል ጀመሩ። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ ቢሆንም "ቶሎ ይበሉ" ያላቸው የለም። ሉሲያ ድርሻዋን ስትቀበል ዓይናቸውን ማየት አልቻለችም።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ልጃቸው ጋ ደወሉ።

"አባዬ፣ ደህና ናችሁ?"

"ደህና ነን። ትናንት ስምህን ከድርሻ አወጣሁት። ከሰው ከምትሰማው ብዬ ነው።"

ቲኒየሉ መስመሩ የተቆረጠ መስሏቸው "ሃሎ" አሉ።

"አለሁ። አባዬ፣ እኛ እኮ ቤት ከገዛን ሁለት ዓመት አለፈን። ባለ ሦስት ክፍል ነው። ዛሬ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ እያልኩ... ግን አሁንም ስሜን እንደምትጠራ ሰዎች ይነግሩኛል። በምን አፌ ልንገርህ?"

ቲኒየሉ ሊቆጡ ፈለጉ፤ ቁጣው አልመጣላቸውም። ልጁ የደበቃቸው እንዳይከፉ ብሎ ነው። እሳቸውም ልጁ የተረሳ እንዳይመስለው ብለው ነበር ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የጠሩት።

"አሁን አምስት ነፍስ ናችሁ፣ አይደል?"

"አምስት ነን።"

ትንሿ እዚያ የተወለደች ናት። ፋላኒ "አንድ ነፍስ ጨምርልኝ" ብሏቸው አያውቅም፤ እሳቸውም ለምን እንዳላለ ጠይቀውት አያውቁም።

ስልኩን ሲዘጉ አኬኔሄ አጠገባቸው ተቀምጠው የዳቦ ዛፍ ፍሬ ይልጡ ነበር።

"ምን አለ?"

"ቤት ገዝቷል። ባለ ሦስት ክፍል።"

"ጎሽ። እንግዲያው መኝታ አላጣም።"

"ማን?"

"እኔ ነኛ። በሚቀጥለው መርከብ እሄዳለሁ። ይመጣሉ ስትለኝ ዘጠኝ ዓመት ጠበቅኩ። አሁን እንደማይመጡ አንተው በአደባባይ ተናግረሃል።"

"ስንት ጊዜ ልትቆዪ?"

"እሱን እዚያ ስደርስ አውቀዋለሁ። አንተስ ለምን አትመጣም?"

"ዓሣውን ማን ያካፍላል?"

አኬኔሄ አልተከራከሩም። የዚህን ሰው መልስ ከጥያቄው በፊት ማወቅ ከጀመሩ ቆይተዋል። ቢላዋውን በጨርቅ ጠረጉና "እንግዲህ የእኔንም ነፍስ ቀንስ" አሉ። "እዚህ የማያድር ድርሻ የለውም።"

መርከቧ ማክሰኞ መጣች፤ አኬኔሄ ሄዱ። ቲኒየሉ እስክትሰወር ድረስ ዳርቻው ላይ ቆመው አዩዋት።

ያን ቅዳሜ ጀልባዎቹ ቀንቷቸው ጢም ብለው ገቡ። ቲኒየሉ እንደ ወትሮው ክምሩን ሁለት ጊዜ ዞሩት፣ መደቡን ሠሩ፣ ስም ጠሩ። የራሳቸው ቤት ተራ ሲደርስ ፓውሎ ጠጋ ብለው "የአኬኔሄን ተዋት፤ ለጥየቃ እኮ ነው የሄደችው" አሏቸው። ቲኒየሉ እንዳልሰሙ ሆኑ።

"የቲኒየሉ ቤት፣ አንድ ነፍስ።"

ጎንበስ ብለው የተረፈውን ዓሣ አነሱ። ከሁሉም የሚያንሰው ነበር፤ ለአንድ ሰው ግን በዛ።