አሚን ያሠራው ደረጃ

እኔን ብሎ የስብሰባ ሰው። ፊደል ያልቆጠርሁ፣ ጉልበቴ የሚንቋቋ አሮጊት፣ ቀበሌና ባለ ፎቅ ሲደራደሩ ምን ጥልቅ አደረገኝ? ቅናት ነዋ፣ ሌላ ምን ይሆናል።

ደሴ መቼም ዳገት ናት። የኛ መንደር ከላይ ነው፣ የአብሮ አደጌ ከታች። አንድ ባለሀብት ከኛ ጥግ ፎቅ ሊሠራ መጣ። ቀበሌው መሬቱን ስትወስድ ለሰፈሩ ምን ትሠራለህ ብሎ ያዘውና የታችኛውን መንገድ ድንጋይ አስነጠፈው። የታችኛውን ብቻ፤ ለመኪናውም ይመቸዋላ። ያቺ አብሮ አደጌ በክረምት ነጭ ጫማ አድርጋ ሰኞ ገበያ መውረድ ጀመረች። እኛ በጭቃው በቂጣችን እንንሸራተታለን። ቅሬያችን፣ ዕድሩ ማለቴ ነው፣ ሬሳ ሲያወርድ እንኳ ተሸካሚው ይወድቃል። ወላሂ፣ እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ያ ነጭ ጫማ ነው። ደግነቱ ዳገቱን ፈርታ እኔ ቤት አትመጣም፤ አልሐምዱሊላህ።

ፎቁ ሊጀመር ሲል ቀበሌው ሰፈሩን ሰበሰበ። የኛ ቁልቁለት ሲነሳ ባለሀብቱ እናያለን አለ። ሊቀመንበሩ ቢለው ቢለው ከእናያለን ፈቅ አላለም። እናያለን ያለ ሰው መቼ አይቶ ያውቃል? መጨረሻ ላይ ሥራው እንዲቃናለት ዱዓ ይደረግለት ተባለና፣ በዕድሜ ትልቋ እኔ ነኝና ወደኔ ዞሩ። እጄን ዘረጋሁ። ባለሀብቱም እጁን ዘርግቶ አንገቱን ደፋ። ፎቅህ ይጽና አልሁት፣ አሚን አለ። ልጆችህ ይደጉ አልሁት፣ አሚን አለ።

"ከዚህ እስከ አስፋልቱ ባለ መደገፊያ ደረጃ የሚሠራልን እጅህ አይንጠፍ።"

"አሚን" ብሎት እርፍ። ሰዉም ተቀብሎ አሚን አለ። ቀና ሲል ሊቀመንበሩ ሳቁን ዋጥ አድርጎ፣ "እንግዲህ በሕዝብ ፊት አሚን ብለዋል፤ ይያዝልን" አለው። የተቀበለውን ምርቃት ማን ይመልሳል? ያውም ፎቅ ሊያቆም የተነሳ ሰው።

ደረጃው ተሠራ፣ ባለ መደገፊያ ሆኖ። የአብሮ አደጌ መንገድ እኮ መደገፊያ የለውም። እኔም ነጭ ጫማ አስገዛሁና፣ ጎረቤቴን ጠርቼ ከደረጃው አናት ላይ ቆምሁ። አሁን ደግሞ እሷ ትቅና አልኋት።

ጎረቤቴ ቁልቁል አየች።

"አንቺ፣ እስከ ዛሬ ዳገቱ ነበር የከለከለልሽ። ይኸው መደገፊያሽን ይዛ እየወጣች ነው።"