በሰው ቤት የሚመጣ እንቅልፍ

ከባሌ ጋር በኖርኩባቸው ዘጠኝ ዓመታት መጀመሪያ የቀናሁት በሴት አይደለም፤ በእንቅልፉ ነው።

እሱ ከመርሳ ወልድያ የሚመላለስ ሚኒባስ ይነዳል። ማታ ይገባል፣ ራቱን ይበላል፣ ከልጃችን ጋር ትንሽ ይሳሳቃል፣ እግሩን ይታጠባል፣ ይተኛል። ይተኛል ስል ጋደም ይላል ማለቴ አይደለም። ጋቢውን ወደ ትከሻው እስኪስብ ድረስ ካልነገርኩት ያ ነገር ለነገ አደረ ማለት ነው። የሰባት ዓመት ልጃችንም በእሱ ወጥታለች፤ ተረት ስነግራት መጨረሻውን ሰምታ አታውቅም። የሁለቱን ትንፋሽ እያዳመጥኩ የምቀረው እኔ ነኝ።

የምሠራው መርሳ ውስጥ አንድ መድኃኒት ቤት ነው። ቀን እጄም ጭንቅላቴም አብረው ይሮጣሉ። ማታ እጄ ያርፋል፣ ጭንቅላቴ ግን አያርፍም። መብራቱ ሲጠፋ ቀን ያስተናገድኳቸው ሰዎች አንድ በአንድ ይመጣሉ። ከገጠር የመጡት ሽማግሌ፣ ኪኒኑን ከምግብ በፊት ነው ያልኳቸው ወይስ በኋላ? ሕፃን ያዘለችው ሴትዮ የሽሮፑን መጠን በደንብ ገብቷት ይሆን? ከእነሱ ወደ ልጄ ሳል፣ ከሳሏ ወደ ትምህርቷ፣ ከትምህርቷ ደግሞ ድሮ እህቴን ወደ ተናገርኳት ክፉ ቃል እሄዳለሁ። አንዱን ሳሰናብት ሌላው በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል።

ያልሞከርኩት የለም። ከሰዓት በኋላ ቡና መጠጣት ተውኩ። ስልኬን ሳሎን አሳደርኩ። ጸሎት ጀምሬ መሃሉ ላይ ስለ ነገ ወጥ ሳስብ እገኛለሁ። ከመቶ ወደ ታች ቆጠርኩ፤ አንድ ላይ ስደርስ ጭራሽ ዓይኔ ፈጠጠ። የእንቅልፍ መድኃኒት ግን አልነካሁም። ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚጠይቀኝን ሁሉ እየመለስኩ ውዬ እኔ ራሴ ብውጠው በማን ዓይን ሰው አያለሁ?

መጀመሪያ ባሌ ሲተኛ ሳየው ደስ ይለኝ ነበር። ቀኑን ሙሉ መሪ ይዞ ስለሚውል ይገባዋል እል ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ደስታዬ ተለወጠ። አፉን ትንሽ ከፍቶ ሲተኛ ለሁለታችን የቀረበውን ብቻውን የበላ ሰው ይመስለኝ ጀመር።

ከዚያ መቀስቀስ ጀመርኩ። ሲጀመር በሳል ነበር። ቀጥሎ በመገላበጥ። ቀጥሎ በግልጽ፦

«ተኝተሃል?»

«እ?»

«ምንም። ዝም ብዬ ነው።»

አንድ ቀን ወጥ ቤት ገብቼ የድስት ክዳን ለቀቅኩ። አምልጦኝ ነው አልኩት፤ አላመለጠኝም። ብንን ብሎ ተነሥቶ «ምን ሆንሽ?» ሲለኝ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝና፣ ቀለል አለኝ። ለአፍታም ቢሆን ሁለት ሆንና! ግን እሱ ተመልሶ ይተኛል፣ እኔ ደግሞ ሌላ ሰበብ ስፈልግ አነጋለሁ። ይህን ለሳምንታት አደረግሁት።

አንድ ከሰዓት በኋላ ፕላስተር ልትገዛ የገባች ደንበኛዬ ክንዴን ያዝ አደረገችኝ። «አትደንግጪ እሺ፣ ሁሉም ደኅና ናቸው» ብላ ጀመረች። እንዲህ ሲባል የማይደነግጥ ማን ነው? የባሌ ሚኒባስ ስሪንቃን አልፎ ወደ መርሳ ሲመጣ አስፋልቱን ለቆ ማሽላ ውስጥ ገብቶ ነበር። ማሳው ሜዳ ስለነበር፣ አገዳውም ስላበረደው፣ መኪናው ሳይገለበጥ ቆመ። ከአንዲት እናት እንቁላል በስተቀር የተጎዳ የለም። ገንዘቧን ተቀብዬ ፕላስተሩን መስጠት ረሳሁ።

ማታ ሲገባ ሱሪው ላይ የማሽላ ቅጠል ነበር።

«ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«አሸለበኝ። ሰሞኑን እንቅልፌ ይቆራረጣል፤ ለምን እንደሆነ እንጃ።»

ይህን ሲል ዓይኑ ውስጥ አንዳች ጥርጣሬ የለም። ይህ ነው የገደለኝ። አለቀስኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ሳሉንም፣ መገላበጡንም፣ የድስቱን ክዳንም። እስክጨርስ ሰማኝ። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ግቢው ወጣ፣ ቆይቶ ተመለሰ።

«ከኋላዬ እኮ የሰው ልጆች ነበሩ» አለኝ። ሌላ ቁጣ አልጨመረም። ከጎኔ ተቀምጦ ጫማውን እየፈታ፣ «ለምን አልነገርሽኝም? እኔ'ኮ እንዳንቺ ነበርኩ» አለ።

እናቱ በሞቱበት ዓመት ነው። ወልድያ ውስጥ አንድ ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራይቶ ሲኖር፣ ለወራት ሳያሸልበው ያነጋ ነበር። ከዚያ የሚያውቀውን አንድ ቤት መርጦ፣ ማታ ዓይኑን ጨፍኖ በሐሳቡ እንዲዞረው ተነገረው። ጊዜው ቀን ነው፤ ብርሃን አለ። በሩ ላይ ይቆማል። ቀስ ብሎ ይገባል። በቀኝ በኩል ምን አለ? ያየዋል፣ በእጁ ይነካዋል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የተጣመመ ቢያይ አያቃናም፣ የወደቀ ቢያይ አያነሣም። ሐሳብ መጥቶ ከወሰደው ራሱን ሳይቆጣ ወደ በሩ ይመለሳል።

«እስከ ዛሬ ከሁለተኛው ክፍል አልፌ አላውቅም» አለኝ።

«ማን ነው ያስተማረህ?»

የፈታውን ጫማ ወደ ጎን አስቀመጠ። ቀና ብሎ አለማየቱ ነገረኝ። እኔን ከማግባቱ በፊት የዚያን ግቢ አከራዮች ልጅ ሊያገባ ነበር። የእሷ ቤተሰብ ሙስሊም፣ የእሱ ክርስቲያን። በእኛ አገር እንዲህ ተጋብቶ የሚኖር ሞልቷል፤ የእነሱ ግን ሽማግሌ ተልኮ፣ ተመልሶ፣ እንደገና ተልኮ ሳይሆን ቀረ። ይህን ሳንጋባ ነግሮኛል፤ እኔም ከዚያ ወዲህ አንሥቼው አላውቅም።

«እሺ፣ የማንን ቤት ነው ማታ ማታ የምትዞረው?»

«የእነሱን።»

ፊቴ ሲግል ይታወቀኛል። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከእኔ ጎን ተኝቶ በዚያች ሴት ቤት ነው ያደረው! በእንቅልፉ የቀናሁት ቅናት ከዚህኛው አጠገብ ሲቆም የልጅ ኩርፊያ ነበር።

«ሰው እኮ የለበትም» አለ ፊቴን አይቶ። «ባዶ ቤት ነው። ሰው ካለ ወሬ ይመጣል፣ ወሬ ከመጣ እንቅልፍ የለም። የእናቴ ቤት ተሸጦ ነበር፤ ያን ጊዜ ሌላ ምን ቤት አውቃለሁ?»

እሱ ተኛ። እኔ አንድም ቀን ያላየሁትን ቤት ስዞር አደርኩ። በእያንዳንዱ ክፍል እሷን ስፈልጋት።

ጠዋት ቁርስ ላይ፣ «ሳሎኑ ምን ዓይነት ነው?» አልኩት። የዋህ ነውና ነገረኝ። በስተቀኝ የመጅሊስ ፍራሽ፣ ቀጥሎ የብረት ቁም ሣጥን፣ ቀጥሎ መስኮት። «መጋረጃውስ?» «አረንጓዴ።» ሳያመነታ ነው የመለሰው። የገዛ ቤታችንን መጋረጃ ቀለም ብጠይቀው ግን ዞር ብሎ ካላየ አይነግረኝም።

ሳምንት አልቆየሁም። መድኃኒት ላመጣ ነው ብዬ ዋሸሁና በሌላ ሰው መኪና ወልድያ ሄድኩ። ያቺ ሴት ጨርቅ እንደምትነግድ ሰምቻለሁ። ከመናኸሪያው ባጃጅ ይዤ ሱቋን አፈላልጌ አገኘሁት። የእኔ እኩያ ናት። ሻሿን ወደ ኋላ አድርጋ አስራለች፤ ከዓይኖቿ ሥር ጠቁሯል። በመንገድ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ፤ በሩን ስረግጥ ጠፋብኝ።

«የመጋረጃ ጨርቅ ነበር» አልኳት። «አረንጓዴ።»

አወረደች፣ ዘረጋች፣ መለካት ጀመረች። ቀና ሳትል፣ «ባለቤትሽ ደኅና ሆነ? ማሽላ ውስጥ ገባ ሲሉኝ ክው ነው ያልኩት» አለችኝ።

«ታውቂኛለሽ?»

«ወልድያና መርሳ ምን ያህል ይራራቃሉ ብለሽ ነው እህቴ? ተቀመጪ።»

ተቀመጥኩ። «እንቅልፍ ያስተማርሽው አንቺ ነሽ አሉ» አልኳት። ልወጋት ያሰብኩበት ቃል ነበር፤ ከአፌ ሲወጣ ግን ልመና ሆነ።

መቀሱን አስቀምጣ ሳቀች። «እሱን እስከ ዛሬ ያስታውሳል? የአባቴ ዘዴ ነው። ወላሂ ለእኔ አንድ ቀን ሠርቶልኝ አያውቅም! ሱብሒ አዛን እስኪል ጣሪያ ላይ አፍጥጬ ነው የማነጋው።»

ደስ አለኝ። መደበቅ አልፈልግም። እንደ እኔ እሷም አትተኛም! ከዚያ የዓይኖቿን ሥር እንደገና ሳየው ደስታዬ አሳፈረኝ።

«ዘዴው ለምን እንቢ አለሽ?»

«የአባቴን ቤት እመርጣለኋ። በሩን ከማለፌ ወንድሞቼን አያቸዋለሁ። አባቴ ካለፉ በኋላ ሸጠው ተካፈሉት፤ ለእኔ የደረሰኝን ተይው። ቤቱ ፈርሶ አሁን ፎቅ ነው። ታዲያ ንዴት ያስተኛል?» ጨርቁን ማጠፍ ጀመረች። «አባቴ ግን ይሉኝ ነበር። ሥራም ድርሻም የሌለሽን ቦታ ምረጪ፣ እንግዳ ሆነሽ የገባሽበትን። እኔ ነኝ ያልሰማኋቸው።»

ስልክ ቁጥሯን ተቀብዬ ልወጣ ስል፣ ምን ነካኝ፣ «የሳሎናችሁ መጋረጃ አረንጓዴ ነበር?» አልኳት።

አሰበች። «እንጃ... ሰማያዊ መሰለኝ። አዎ፣ ሰማያዊ ነው።»

መርሳ እስክደርስ ይህችን ቃል እንደ ከረሜላ አፌ ውስጥ ሳገላብጥ መጣሁ። ማታ እግሩን ታጥቦ አልጋው ጫፍ ላይ ሲቀመጥ አወጣኋት።

«ቤቱ ፈርሷል።»

«አውቃለሁ። በየቀኑ በፊቱ አይደል የማልፈው።»

«መጋረጃውም ሰማያዊ ነበር።»

ዞሮ አየኝ። «ማን አለ?»

«ራሷ።»

«ሄድሽ?» አለኝ። አዎ አልኩት። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅኩ፤ ሐሳቡ ግን ሌላ ቦታ ነበር። «ሰማያዊ?» አለ ለራሱ። ጋቢውን ሳበና ጋደም አለ።

አልተኛም። በዘጠኝ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ሲገላበጥ ሰማሁት። ወደ ግድግዳው ዞረ፣ ወደ እኔ ዞረ፣ ትራሱን አጠፈ። ስመኘው የኖርኩት ነገር ይኸውና፤ ሁለታችንም ነቅተናል። ግን ጨለማው ውስጥ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ የሰማሁ መሰለኝ፤ ከበሩ እየጀመረ፣ መስኮቱ ጋ ሲደርስ እየጠፋበት። እናቱ የሞቱበት ያ ሰው ታየኝ። ነገ ደግሞ መሪ ይይዛል።

«ተኝተሃል?» አልኩት።

«ኧረ የት ተኝቼ።»

«አረንጓዴ ነው። እሷ ናት የረሳችው። እስክትመልስልኝ ስንት አሰበች መሰለህ። ደግሞ ከወንድሞቿ ስለተጣላች ቤቱን ማሰብ አትፈልግም። አንተ ትክክል ነህ።»

«አይደል?» አለኝ።

«ነው።»

ጥቂት ቆይቶ፣ «በእኛ ቤትም ሞክሬ ነበር» አለ። «በሩ ላይ ቆሜ ገና ስገባ የሚያፈሰው ቧንቧ ይታየኛል። የልጅቷ ጫማ ይታየኛል። አንቺ ትታዪኛለሽ። ምኑን ልተኛው?»

መልሴን ሳይሰማ ተኛ።

እኔም ቦታ ፈለግሁ። የመድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ አይሆንም። የወላጆቼ ቤት አይሆንም፤ የመጀመሪያ ልጅ ነበርኩ፣ ሥራው ሁሉ የእኔ ነበር። መጨረሻ ላይ ግራና በሚባል መንደር ትኖር የነበረችው አክስቴ ትዝ አለችኝ። ትምህርት ሲዘጋ ወደ እሷ እንላክ ነበር። የመስኖ ማሳ ነበራት፣ ብርቱካንና ማንጎ። እንግዳ ናችሁ ብላ አንድ ነገር አታሠራንም። በማሳው አጥር በኩል ገባሁ። ቀን ነው። በቀኜ ቦዩ አለ፣ ውኃው ገና መለቀቁ ነው፣ ቅጠል እየገፋ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ማንጎ ግንድ ነካሁት፤ ሻካራ ነው፣ በአንድ በኩል ሙጫ አለው። ሁለተኛው ጋ ሳልደርስ ሽማግሌው ከነኪኒናቸው መጡ። አልተከራከርኳቸውም፤ ወደ አጥሩ ተመለስኩ። እንደገና መጡ፣ እንደገና ተመለስኩ። ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ቢሆንም ሳልናደድ ነው የነጋልኝ።

በሚቀጥሉት ቀናትም እንዲሁ ስመላለስ ከረምኩ። አንድ ጠዋት ልጄ ትከሻዬን ስትነቀንቀኝ ነቃሁ። «እማዬ፣ ዛሬ ተኛሽ እንዴ?» አለችኝ እየገረማት። ፀሐይ ወለሉ ላይ ደርሳለች፤ ባሌ ወጥቶ ሄዷል። መድኃኒት ቤቱ ደርሼ በሩን ስከፍት የሚጠብቁኝ ሰዎች አጉረመረሙ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፤ ፊቴ ግን ይስቅ ስለነበር ያመነኝ ያለ አይመስለኝም።

ሁልጊዜ አይሳካልኝም። አንዳንዴ ስድስት ጊዜ ወደ አጥሩ እመለሳለሁ። ባሌ ከእኔ በፊት ሲያንኮራፋ አሁንም ቆንጠጥ ያደርገኛል፤ አልቀሰቅሰውም እንጂ። የእነዚያን ሰዎች ሳሎን ግን ትቼለታለሁ።

ወልድያ ላለችው ሴት ደውዬ ስለ አክስቴ ማሳ ነገርኳት። ሰምታኝ ስታበቃ፣ «እኔም ደሴ የአንዲት ጓደኛዬ ቤት ትዝ አለኝ፤ ልሞክር እስቲ» አለችኝ። ተሳክቶላት እንደሆነ እስካሁን አልጠየቅኋት። ስልኬን አነሣና መልሼ አስቀምጠዋለሁ። እንድትተኛ ከልቤ እፈልጋለሁ፤ ከእኔ ቀድማ እንደምትተኛ ከነገረችኝ ግን እንደምቀና አውቀዋለሁ።