ማሽኑ የማያየው ጋዝ

ቤተ ሙከራችን ውስጥ አለቃችንን «አነፍናፊዋ» እንላታለን፤ ፊት ለፊቷ ግን የሚደፍር የለም። ሥራዋ በከረጢት የመጣ አየር ውስጥ ምን ምን ጋዝ እንዳለና መጠኑ ስንት እንደሆነ መናገር ነው። አየሩን ቱቦ ውስጥ ታስገባና ኢንፍራሬድ የሚባለውን፣ ዓይን የማያየውን ብርሃን ታሳልፍበታለች። ብዙዎቹ ጋዞች ከብርሃኑ የየራሳቸውን ድርሻ ይውጣሉ። ስክሪኑ ላይ መስመሩ የት ላይ ዝቅ እንዳለ አይታ ጋዙን ትለያለች፤ ምን ያህል ዝቅ እንዳለ አይታ ደግሞ መጠኑን ትናገራለች። ተሳስታ አታውቅም፤ ይህንንም ከማንም አትደብቅም።

ታላቅ ወንድሟ የመኪና ባትሪ ቻርጅ አድራጊ ነው። የሚሠራው አንዲት መስኮት ባላት ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። አንድ ቀን ቤተ ሙከራው ድረስ መጣ።

«እህቴ፣ ኬብሉን ከባትሪው ስነቅል ‹ጧ› እያለ ያስደነግጠኛል። የሆነ ጋዝ ይኖር ይሆን?»

«ጋሼ ደግሞ! በገዛ ጥላህ ትደነግጣለህ» ብላ ሳቀችበት።

ሆኖም ወንድም ነውና ሄዳ ከክፍሉ አየር በከረጢት ሞልታ አመጣች። ስክሪኑ ያሳየው ከትንፋሽ የሚወጣውን ካርቦን ዳይኦክሳይድና የውሃ እንፋሎት ብቻ ነበር። ወዲያው ደወለችለት።

«አየርህ ከኔ ሳሎን ይሻላል! መስኮትህን ዝጋና ሥራህን ሥራ።»

አቧራው አስቸግሮት ስለነበር ደስ ብሎት ዘጋው።

እኔን የሚያናድደኝ ይኸው ነው። ባትሪ ቻርጅ ሲደረግ፣ በትንሽ ብልጭታ የሚፈነዳ ሃይድሮጅን ይወጣል። ሃይድሮጅን ደግሞ ከኢንፍራሬዱ ቅንጣት አይውጥም፤ ክፍሉን ቢሞላው እንኳ ያ ማሽን አያየውም። ይህን ያስተማረችን ማን ሆነና! «ማሽኑ የለም ሲላችሁ፣ አላየሁም ማለቱ ነው» ትለን ነበር። ያን ቀን ግን በወንድሟ መሳቁ በልጦባት ዘነጋችው።

ብዙም ሳይቆይ ኬብሉን ሲነቅል ብልጭ አለ፤ ባትሪው ፈንድቶ አሲዱ ፊቱ ላይ ተረጨ። ሲደወልላት አጠገቧ ነበርኩ። «ሃይድሮጅን» አለችና ወንበሯ ላይ ዘፍ አለች።

ሆስፒታል አብሬያት ሄድኩ። አንድ ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኗል። ሚስቱ ራስጌው ቆማለች፤ የወርክሾፕ ጎረቤቱ «መስኮቱን ክፈት ብዬው ነበር» እያለ ያጉረመርማል።

«ተው እንጂ!» ብሎ ወንድሟ ተቆጣው። «አየሩን እኮ እህቴ ለክታዋለች። እሷ ንጹህ ነው ካለች አለቀ። ጥፋቱ የገዛ እጄ ነው።»

ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ዝም ማለት ትችል ነበር፤ ከኔ በቀር የሚያውቅባት የለም፣ እኔም አፌን ይዤ ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ ያንን ጋዝ ማሽኑ አያየውም።»

«ማሽን አይደል፣ ምን ይደረጋል።»

«እኔ ግን አውቅ ነበር። ስስቅብህ ዘነጋሁት።»

ሚስቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወንድሟ እጇን ያዘና፣

«እሺ፣ አሁንስ መስኮቱን ልክፈተው?» ብሎ ጠየቃት።

አሁንም እሷኑ ነው የጠየቀው። «ክፈተው» አለችው፤ ቀና ብላ ልታየው ግን አልቻለችም።