የስሜነሽ ሽንብራ

እህቴ ስሜነሽ ቢቸና ኬሚስትሪ ታስተምራለች። ልጆቹ «የሽንብራዋ ቲቸር» ነው የሚሏት። ፎስፈረስ ከአሉሚኒየም ጋር ሲዋሃድ ውስጡ እንዴት እንደሚደረደር በቃል አልገባ ሲላቸው፣ ሽንብራ ዘፍዝፋ በስንጥር እየሰካካች ታሳያቸዋለች። ሲደርቅ ጥብቅ ይላል።

ባለፈው ሚያዝያ ሞጣ እኛ ቤት ነቀዝ በቆሎውን ጀመረው። እማ ከገበያ የነቀዝ ክኒን ገዝታ በጆንያዎቹ መሃል ከተተችው። ጆንያው ያለው ደግሞ እኔና እሷ የምንተኛበት ክፍል ነው። እኛ ዘንድ እህል ከዓይን አይርቅም። መድኃኒት ሲገባበትም ባይገባበትም ጠበል ይረጭበታል።

እማ የጠበሉን ሃይላንድ ከፍታ ልትረጭ ስትል ስሜነሽ ከቢቸና መጣች። ቦርሳዋን ሳታወርድ ባዶውን የክኒን ጣሳ አየችው።

«እማ፣ ቆይ። እንዳትረጪው።»

«አስተማሪ ሆንሽና ጠበልም ትከለክይኝ ጀመር?»

«ጠበሉን አይደለም፣ ክኒኑን ነው የፈራሁት። ኑ፣ ሁለታችሁም ውጡ።»

በሩንም መስኮቱንም ወለል አድርጋ፣ እየገፋች አወጣችን። ለግብርና ባለሙያው ለአቶ ሰማው ደወለችለት። ከዚያ ግቢ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችንና ከቦርሳዋ በስንጥር የተሰካካውን ሽንብራ አወጣች።

«ከቤቴ አስወጥተሽ ቆሎ ልታበይኝ ነው?» አለች እማ።

«እይው እስቲ። ነጩ አሉሚኒየም ነው፣ ድስትሽ የተሠራበት። ቀዩ ፎስፈረስ። አንዱን ነጭ አራት ቀይ ይይዘዋል፣ አንዱን ቀይ ደግሞ አራት ነጭ። እንዲህ ተያይዞ ነው ክኒኑ የሚሆነው። ደረቅ እስከሆነ ማንም አያላቅቀውም። ውሃ ሲያገኝ ግን ፎስፈረሱ ጋዝ ሆኖ ይወጣል። ነቀዙን የሚገድለው እሱ ነው። ሰውንም።»

«ባልረጭበትስ?»

«የአየሩ ርጥበት ይበቃዋል፣ ቀስ እያለ ይወጣል። ውሃ ያፈጥነዋል እንጂ። እዚያ ብትተኙ አትነሱም ነበር።»

እማ አንዷን ቀይ ሽንብራ ይዛ ጎተተች፣ እምቢ አለቻት። ከጎኗ ካለው ጆግ ውሃ አፈሰሰችበትና ከጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ጠበሉን ግን አልነካችም።

«እሺ፣ እህሉንስ ማን ይጠብቀዋል? ሌባ ቢገባ?»

«ከገባ የማዝነው ለሌባው ነው።»

እማ ልትስቅ ነበር፣ ተወችው።

አቶ ሰማው የጋዝ መከላከያ ጭንብል አድርጎ ገባና ክኒኑን አወጣው። ቤቱ በደንብ እስኪናፈስ ማንም እንዳይገባ አለን። ለማደር ወደ ጎረቤታችን ወደ እትዬ ፈንታነሽ ልንሄድ ስንነሳ፣ እማ ያችን ቀይ ሽንብራ ደግማ ያዘቻት። አሁን ሳትጎትታት ከስንጥሩ ወለቀች። መዳፏ ላይ አድርጋ አየቻትና ለስሜነሽ ሰጠቻት።

«በቆሎውን ከቤት ራቅ አድርገን ጎተራ እንሠራለታለን» አለች።

ከዚያ ሃይላንዱን ከፈተች። ጠበሉን ስሜነሽ ላይና እኔ ላይ ረጨችው።